ከአበባው እስከ ለቀማው
በጅማና በዙሪያዋ የቡና ከተሞች የነገ ጭንቀትና በእግዚአብሔር መታመን

በጅማ ዙሪያ ቡና የሚያብበው ምድር በበጋው ከደረቀች በኋላ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅርንጫፉ ሁሉ ነጭ ይለብሳል፤ ሽታው ከጓሮ አልፎ መንገደኛውን ያውዳል፤ ከዚያም አበባው ፈጥኖ ይረግፋል። ፍሬው ቋጥሮ፣ ክረምቱን በአረንጓዴነቱ አሳልፎ፣ ለለቀማ እስኪቀላ ድረስ ሰባት ስምንት ወር ይፈጃል። ለአጋሮ፣ ለሊሙ ገነት፣ ለየቡ፣ ለሰቃና ለጪራ ገበሬ እነዚህ ወራት ልብ የሚንጠለጠልባቸው ናቸው። ዝናቡ ቢዘገይ አበባው ይመክናል። በረዶ ቢወርድበት ይራገፋል። ፍሬ ቢይዝ በሽታ አለ። ከበሽታውም ተርፎ ለገበያ ቢደርስ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ጅማን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

በዚህ ምድር የሚኖር ክርስቲያን ስለ ነገ እንዳይጨነቅ የሚነግረውን የጌታን ቃል የሚሰማው በዚህ ሁሉ መካከል ሆኖ ነው። ቃሉን በቀላሉ መናገር ይቻላል። እኔ ማየት የምፈልገው ግን ላለፉት መቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል ቃሉ በዚህ አገር በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀና እንዴት እንደ ተኖረ ነው። ታሪኩን ስከታተል ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ነገር አለ፤ በእግዚአብሔር ታምነው ያለፉት ሰዎች እጅግ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም አብዛኞቹ ሊቆሙ የቻሉት ሌላ ሰው ነጋቸውን አብሯቸው ስለ ተሸከመ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሁለቱ የቀን መቁጠሪያዎች ልናገር። ቡና የራሱ ዘመን አለው፤ ቤተ ክርስቲያንም የራሷ። በጅማ አካባቢ ሁለቱ የሚገናኙበት መንገድ ከሌላው አገር ይለያል። አበባው የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ዋዜማ ወይም በጾሙ ውስጥ ነው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚገባው ጎተራው በተራቆተበት፣ ቡናው ገና አረንጓዴ በሆነበት፣ በቤት ውስጥ ገንዘብ በጠፋበት ወቅት ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመነ ጽጌ ደግሞ እሸት ቡና ቀልቶ ለቀማው ከሚጀመርበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። በዘመነ ጽጌ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ታስባለች፤ በሰንበታቱ ከሚነበቡት ወንጌላት አንዱም የማቴዎስ ምዕራፍ 6 ነው፤ ስለ ሰማይ ወፎችና ስለ ሜዳ አበቦች የሚናገረው፣ ስለሚበላውና ስለሚለበሰው መጨነቅን የሚከለክለው።

ይህን ንባብ በሸዋ ወይም በጎጃም ደጋ የሚሰማ ምእመን ዙሪያውን ቢያይ አደይ አበባ ያያል። የጅማው ምእመን ግን በዚያው ሰሞን ቅርጫት አንጠልጥሎ ቡና ይለቅማል። አበባውን ያየው ከወራት በፊት ነው፤ ያን ጊዜም ልቡ ተሰቅሎ ነበር። አሁን ንባቡ ሲነበብለት ያለፈውን ጭንቀቱን የሚመዝንበት ጊዜ ይሆንለታል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህን ሥርዓት ሲሠሩ ቡናን አስበው እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ስለ ጭንቀት የሚሰበከው ስብከት ከለቀማው ጋር መገናኘቱን የዚህ አካባቢ ሰባኪ ሊጠቀምበት የሚገባ በረከት አድርጌ አየዋለሁ። ሰው ጭንቀቱ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ካላየ በሚቀጥለው የካቲት እንደ አዲስ ይጨነቃል። እስራኤልም በምድረ በዳ የሆኑት ይህንኑ ነው፤ ባሕሩን ከተሻገሩ ከሦስት ቀን በኋላ ስለ ውኃ አጉረመረሙ።

ነገዋን የተነጠቀች ልጅ

የጅማ ከተማ ዛሬ ባለችበት ስፍራ በ19ኛው መቶ ዘመን የሂርማታ ገበያ ነበር። ጂሬን ላይ ቤተ መንግሥቱን የሠሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማን መንግሥት መርተዋል፤ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። አገሩ የእስልምና አገር ነበር፤ ነጋዴ የሚከበርበት፣ ከየአቅጣጫው የሲራራ ቅፍለት የሚገናኝበት። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። ባርነት በአገሪቱ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ዓመታት የነገ ጭንቀት በዚህ ምድር ላይ በጣም ግልጽ መልክ ነበረው፤ እናት ልጇ ነገ እቤት ታድር እንደሆነ አታውቅም።

ከሊሙ እናርያ የተወሰደች አንዲት ልጅ ነበረች፤ አስቴር ጋኖ። የተወለደችው በ1870ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። በሊሙ ንጉሥ ትእዛዝ ለባርነት ተዳርጋ፣ ለአረብ አገር ልትሸጥ በቀይ ባሕር ላይ ስትወሰድ፣ በ1886 የጣልያን መርከበኞች ጀልባውን አስቁመው ነፃ አወጧት። ከዚያም ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብን አገኘች። እርሱም ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ቆርጦ ተነሥቶ ነበር፤ ችግሩ ግን ገና በልጅነቱ ከወገኑ ስለ ተለየ የአፍ መፍቻው ቋንቋ በእጁ ሳስቶ ነበር።

አስቴር ግን ቋንቋውን ይዛው መጥታለች። ከኦነሲሞስ ጋር ሆና ወደ 15,000 የሚጠጉ የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች። ከትዝታዋ እየቀዳች 500 የሚሆኑ መዝሙሮችን፣ ተረቶችንና እንቆቅልሾችን ጻፈች፤ ከእነዚህም የተወሰኑት በ1894 በወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ታተመ፤ ሁለቱም በግዕዝ ፊደል። የተራራው ስብከት፣ ስለ ነገ መጨነቅን የሚከለክለው ምዕራፍ ሳይቀር፣ በኦሮምኛ ለመነበብ የበቃው ነጋቸው በተሸጠባቸው ሰዎች እጅ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እወዳለሁ። አስቴር እነዚያን በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት ስትሰበስብ ወደ አገሯ የሚመልሳት መንገድ አልነበረም። ኦነሲሞስ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ሞክሮ ጉዞው ከሽፎ ተመልሷል። በሩ ተዘግቶ ነበር። እምኩሉ ሞቃት፣ በሽታ የሚበዛባት ስፍራ ነበረች። መጽሐፉን ማን ያነበዋል? ማን ይወስደዋል? አንባቢው ሊሙና ወለጋ ነው፤ ተርጓሚዎቹ ባሕር ዳርቻ ናቸው፤ መካከሉ ተቆርጧል። ሰው ስለ ነገ እርግጠኛ ሳይሆን ነገ የሚያስፈልገውን ሥራ ዛሬ በሙሉ ልቡ ሲሠራ በእግዚአብሔር ታምኗል ማለት ይህ ነው። ከዚህ የጠራ ምሳሌ በአገራችን ታሪክ ፈልጌ አላገኘሁም። በሩ የተከፈተው በ1904 ነው፤ ኦነሲሞስና ባልደረቦቹ ወደ ወለጋ ገቡ፣ አስቴርም ነቀምቴ ላይ ስታስተምር ኖራ በ1964 አረፈች። ኦነሲሞስ በ1931 ነበር ያረፈው።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህን ሁለቱን የታደጉና ያስተማሩ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። አስቴር በእግዚአብሔር መታመንን የተማረችው በመጀመሪያ ከስብከት አይመስለኝም። አንድ ሰው ምግብ ሰጣት፣ ሌላው ፊደል አስቆጠራት፤ በማያውቋት ሰዎች መካከል ነገዋ ተመለሰላት። ስለ ወፎችና ስለ አበቦች የተነገረው ቃል ከዚያ በኋላ ትርጉም ያለው ይሆናል።

ጅማ ሊሄዱ የተነሡት

በ1928 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ የሚመራው የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ቡድን ከአዲስ አበባ ሲነሣ መድረሻው ጅማ ነበር። ዕቅዳቸው ሳይሠራ ቀረ፤ መንገዳቸው ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሲዳማ ዞረ። ለእነርሱ ይህ የፈቃድና የፖለቲካ እንቅፋት ነበር። ውጤቱን ግን ከዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ሌላ መልክ አለው። ጣልያን ኢትዮጵያን ወርሮ ሚሲዮናውያኑ በ1937 ከወላይታ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች ከመቶ አይሞሉም ነበር። በቋንቋቸው የነበራቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ ወንጌላውያን ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው።

ለጅማ ጉዳዩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ከምባታና ሀዲያም እንዲሁ። በለቀማ ወራት ከእነዚህ አገሮችና ከዳውሮ ብዙ ሰው እየተነሣ ወደ ጅማና ወደ ከፋ የቡና ምድር ይወርዳል። ይህ ከአንድ ትውልድ በላይ የቆየ ልማድ ነው። ከለቃሚዎቹ መካከል አማኞች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ቀርተው ጎጆ ቀለሱ፣ ተሰብስበው ጸለዩ፣ በኋላም ከወላይታ የተላኩ ወንጌላውያን ደረሱላቸው። ዶክተሩና ባልደረቦቹ በካርታ ላይ ያሰቡት መንገድ ተዘግቶ፣ ከዓመታት በኋላ ወንጌሉ ወደዚያው ምድር የደረሰው በቀን ሠራተኛ ጀርባ ነው። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ስለ ነገ ለመጨነቅ ከሁሉ ይልቅ ምክንያት ያለው ሰው ነው። መሬት የለውም፤ ጎተራ የለውም፤ ዛሬ በለቀመው ኪሎ ልክ ይበላል። የዕለት እንጀራን የሚለምነውን ጸሎት እንደ እርሱ አድርጎ የሚጸልየው ያለ አይመስለኝም።

የኦርቶዶክሱም ምእመን አመጣጥ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከፊሉ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በወታደርነት፣ በንግድና በመንግሥት ሥራ የመጣ ነው። ከፊሉ ደግሞ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ ከወሎና ከትግራይ በደርግ የሠፈራ ፕሮግራም የተጓጓዘ ነው። በአጠቃላይ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲወሰድ ጅማ ዋና ከተማዋ የሆነችው የከፋ ክፍለ ሀገርም አንዷ ተቀባይ ነበረች። ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው ተወሰዱ፤ ብዙዎቹም በመጀመሪያው ዓመት በወባና በድካም አለቁ። ጤፍና ገብስ ያውቅ የነበረ ገበሬ ከጫካ መካከል ተጥሎ ምሕላ ቆመ። ስለዚያ መከራ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር ብሎ በችኮላ መናገር አልወድም፤ የሰው ፈቃድና የሰው ጥፋት ነበረበት። በሕይወት የቀሩት ግን ቤተ ክርስቲያን ተክለው፣ የጽዋ ማኅበር አቋቁመው፣ ከተወለዱበት ሩቅ በሆነ ምድር እርስ በእርስ ተያይዘው ኖሩ።

በጫካው ውስጥ የተዘጋጀው

የቡና ታሪክ ራሱ በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምስክርነት አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። በፈንገስ የሚመጣ ነው፤ አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ያረግፈዋል። ቀዝቀዝ ባለና ዝናብ በበዛበት ከፍታ ላይ ያለ ማሳ ሙሉ ምርቱን ሊያጣ ይችላል። በጅማና በኢሉባቦር ያን ሰሞን የነበረውን ድንጋጤ መገመት አያዳግትም፤ ገበሬው ግብሩን የሚከፍለው፣ ልጁን የሚድረው፣ ጨው የሚገዛው በቡናው ነው። መድኃኒት መርጨት ውድ ነበር፤ የገበሬ አቅም አይችለውም።

ከጅማ ከተማ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ መልኮ ላይ የቡና ምርምር ማዕከል ተቋቁሞ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ነገር ቀላልና ድንቅ ነው። በሽታው ወዳጠፋቸው ማሳዎችና ጫካዎች ሄዱ፤ በተበላሹ ዛፎች መካከል ፍሬያቸው ንጹሕ ሆኖ የቆሙትን ፈለጉ። የእነዚህን ዘር ሰበሰቡ፣ አፈሉ፣ ፈተኑ። ዛሬ በጅማ፣ በሊሙና በኢሉባቦር በስፋት የተተከሉት 74110፣ 74112፣ 7440 የሚባሉት ዝርያዎች ቁጥራቸው ከ74 የሚጀምረው በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡ በመሆናቸው ነው። ከእነዚህ መካከል 74110 እና 74112 የተገኙት መቱ አካባቢ ነው።

በሽታውን የሚቋቋመው ዘር በሽታው ከመምጣቱ በፊት በጫካው ውስጥ ነበር። አብርሃም በሞሪያ ተራራ ላይ ቀና ሲል በቁጥቋጦ የተያዘውን በግ እንዳየ፣ እነዚያ ሰዎችም ያዩት ቀድሞ የነበረውን ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን በዚህ ቋንቋ ይናገሩ አይናገሩ ጉዳዬ አይደለም። እኔ እንደ አማኝ ሳየው እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ያዘጋጀው ግን በእግር ተሂዶ፣ ዛፍ በዛፍ ተፈትሾ የሚገኝ ነው። እቤቱ ተቀምጦ በጸሎት ብቻ ዛፉን ያገኘ የለም፤ ዛፉን የፈጠረ ተመራማሪም የለም።

ያው ጊዜ የአብዮቱ ጊዜም ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ በሊሙ የመንግሥት የቡና እርሻዎች ተስፋፉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ አማኞች በየቤቱ ተደብቀው ተሰበሰቡ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስቀድሞ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ነበር። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ለአሥር ዓመት ታሰሩ። ቄስ ጉዲና ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት ወንጌልንና የሰውን ሥጋዊ ኑሮ ነጣጥሎ ማገልገል አይቻልም በሚለው አቋማቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በ1972 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በጽሑፍ ለዓለም አብያተ ክርስቲያናት አሳውቃለች። ስለ ራሳቸው ነገ ያልተጨነቁት ሰው ስለ ገበሬው ነገ አጥብቀው ያስቡ ነበር።

በአበባው የተሸጠ ቡና

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ የዚህ ምድር ትልቁ ጭንቀት እርሱ ነውና። ኒውዮርክ የቡና ገበያ ያቋቋመችው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው፤ እዚያ የሚሸጠው ከወራት በኋላ የሚረከቡት ቡና ነው። በሐምሌ 1975 እ.ኤ.አ. ብራዚልን ውርጭ መታት፤ በ1977 የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ3 ዶላር አለፈ። በ1989 አገሮች በኮታ የተስማሙበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈረሰ፤ ዋጋው ተንኮታኮተ። በ2001 እና በ2002 ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ያን ጊዜ በአገራችን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ብዙ ነው። በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። የአጋሮ ገበሬ በእነዚህ ውሳኔዎች ሁሉ ድምፅ አልነበረውም።

ከዚህ የሚከፋው ግን ቅርቡ ነው። በክረምት፣ እህል ባለቀበትና የልጆች ደብተር በሚገዛበት ጊዜ፣ ገበሬው ወደ ነጋዴው ይሄዳል። ነጋዴው ብር ይሰጠዋል፤ ለቀማ ሲደርስ ግን ቡናውን ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። አንዳንዱ ገና በአበባው ይሸጠዋል። ፍሬው ቀልቶ ሲያየው የእርሱ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 የሚገሥጻቸው ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህ ከተማ ሄደን ዓመት ተቀምጠን እንነግዳለን የሚሉት ሰዎች ነጋዴዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። ቀጥሎም በምዕራፍ 5 የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀሩትን ይወቅሳል። ሁለቱ ወቀሳዎች የተጎራበቱት በአጋጣሚ አይመስለኝም። የሌላውን ሰው ነገ በርካሽ የሚገዛ ሰው፣ የራሱን ነገ በእጁ እንደ ጨበጠ ይሰማዋል። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ እሑድ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ስለ እምነት ሲዘምር ዝም የሚል መጋቢ፣ ቅዳሴ ሲያስቀድስ ዝም የሚል የንስሐ አባት፣ ከበደሉ ተካፋይ ነው።

ቡና ደግሞ ዓመት እየዘለለ የሚያፈራ ተክል ነው፤ አንድ ዓመት ቢበዛ በሚቀጥለው ያንሳል። ዮሴፍ በጥጋቡ ዓመታት እህል ማከማቸቱ የእምነት ጉድለት አልነበረም፤ ሕልሙን የገለጠለት አምላክ ጎተራውንም አሠርቶታል። በበዛው ዓመት ለሚያንሰው ዓመት ማስቀመጥ ለጅማ ክርስቲያን የእምነቱ አካል ነው። የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1999 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ያመጣው ተስፋም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ገበሬው ለብቻው ሲቆም የማይችለውን ነገ ተሰብስቦ ሲቆም ሊያየው ይችላል።

እሳቱ ባለፈ ማግስት

በ2003 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአሰንዳቦና በአካባቢዋ፣ ቁርኣን ተዋረደ በሚል ወሬ ተነሥቶ ከ50 በላይ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ሰው ተገደለ፤ ሺዎች ተፈናቀሉ። ይህን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ክርስቲያንና ሙስሊም በዚህ ምድር ለብዙ ትውልድ በአንድ ዕድር ተቀብረዋል፣ በአንድ ጀበና ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ኢንሻአላህ ሲል ሌላው እግዚአብሔር ከፈቀደ ብሎ መልሷል። ነገር ግን ቤቱ የተቃጠለበትን አማኝ አትጨነቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳናስብ ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ አይገባም።

እንዲህ ላለው ሰው ቃሉ የሚደርሰው ጣሪያ ሆኖ ነው፤ ብርድ ልብስ፣ ዱቄት፣ ወደ ጎረቤቱ ተመልሶ ሰላም ለማለት የሚያበረታ ወንድም ሆኖ። ጌታ በተራራው ስብከት ስለ ጭንቀት ከመናገሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ጠላትን ስለ መውደድ፣ ለሚያሳድዱ ስለ መጸለይ አስተምሯል። የሚፈራ ሰው ይህን ማድረግ ይቸግረዋል፤ ነገው በአምላኩ እጅ እንዳለ ያመነ ግን ጎረቤቱን ዳግም ለማመን ድፍረት ያገኛል።

ዛሬ በጅማ ዞን ሌላ ዓይነት የነገ ፍርሃት አለ። ወጣት ሴቶች ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የአረብ አገሮች ይሄዳሉ። አስቴር ጋኖ በግድ የተጫነችበትን ባሕር ዛሬ ልጆቻችን ቤተሰብ ተበድሮላቸው ይሻገሩታል። የአየር ንብረቱም እየተለወጠ ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ሳይንቲስቶች ያወጡት ጥናት እርምጃ ካልተወሰደ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ ምድር ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። በዚህ ሁሉ መካከል ነገህን እነግርሃለሁ የሚል የትንቢት አገልጋይ ጉባኤው ሞልቶለታል። ቪዛህ ወጥቷል፣ በዚህ ወር በርህ ይከፈታል ይባላል። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ነገን አስቀድሞ ለማወቅ መጓጓት ራሱ የጭንቀት ሌላ ስሙ ነው፤ አባቶቻችን ወደ ጠንቋይ ደጅ ከሄዱበት ልብ ብዙ አይለይም። በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ነገን ሳያውቅ ነገን ከሚያውቀው ጋር ይሄዳል። ልጅቷን በሐሰት ተስፋ የሸኘ አገልጋይ፣ ጅዳ ላይ ስታለቅስ አጠገቧ የለም።

ስለዚህ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በአሰንዳቦ ያላችሁ ካህናት፣ መጋቢዎች፣ የሰበካ ጉባኤና የሽማግሌ አባላት፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ከምእመኖቻችሁ መካከል ማን በአበባው እንደሸጠ፣ ማን ሊሸጥ እንደ ተቃረበ ጠይቁ፤ በኩራትና አሥራት ከሚሰበሰብበት ሣጥን ጎን ለክረምቱ ያለ ወለድ የሚያበድር ሣጥን አኑሩ፤ ያላችሁም ነጋዴዎች የያዛችሁትን የዱቤ መዝገብ አውጥታችሁ ዋጋውን እንደ ገበያው አስተካክሉ። በመጪው ዘመነ ጽጌ ያ ወንጌል ሲነበብ፣ የሚሰማው ገበሬ የሚለቅመው ቡና የራሱ ይሁን።